ሰማይን የለኩበት ቤት፦ የሳማርቃንድ የከዋክብት መመልከቻና የእኛ ሰዓት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ረመዳን ነው እንበል። ሸርቆሌ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ቴምሩንና ውሃውን አቅርቦ፣ ሬድዮኑን ከፍቶ ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ልጆቹ ወደ ቴምሩ እጃቸውን ሰደዱ። ይህ ቤተሰብ ማፍጠር ይችላል ወይስ አይችልም?

መልሱ አይችልም ነው። በዚያች ደቂቃ ሸርቆሌ ላይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችምና። ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስትሄድ አንዷን ዲግሪ ለመሻገር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። አዲስ አበባ ከሸርቆሌ በአራት ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ትገኛለች። አራት ጊዜ አራት አሥራ ስድስት ነው። እንደ ወቅቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርበታል ወይም ይቀነስለታል እንጂ፣ ፀሐይ ለአዲስ አበባ ሰው ከጠለቀች በኋላ ለሸርቆሌ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ትቆያለች። ከሐረር ጋር ስናነጻጽረው ደግሞ ልዩነቱ ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። ቀኑን ሙሉ በሙቀት ተርቦና ተጠምቶ የዋለ ጾመኛ ሩብ ሰዓት ባለመታገሡ ጾሙን ያበላሻል። ሱብሒም እንዲሁ ነው። ጎሕ ሸርቆሌ የሚደርሰው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ አዛን ተነሥቶ ወዲያው የሰገደ ሰው ወቅቱ ሳይገባ ሰገደ ማለት ነው።

እንግዲህ ውድ አድማጮች፣ የኛ ዲን የሰማይን ስሌት ለሊቃውንት ብቻ የተወ ዲን አይደለም። አምስቱ ወቅት ሶላት በፀሐይ፣ ጾምና ሐጅ በጨረቃ፣ ቂብላ ደግሞ በአቅጣጫ የተያዙ ናቸው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ ስለ ለጋ ጨረቃዎች ለጠየቁት፣ ለሰዎችና ለሐጅ የጊዜ ምልክቶች መሆናቸውን አሳውቋል። በሱረቱ ዩኑስም ለጨረቃ ማረፊያዎችን የወሰነላት የዓመታትን ቁጥርና ሒሳብን እንድናውቅበት መሆኑን ነግሮናል። አባቶቻችን ይህን ሰምተው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሰማይን የሚለኩበት ቤት ሠሩ። ዛሬ የምነግራችሁ ከነዚያ ቤቶች ሁሉ ስለ ታወቀው፣ በሳማርቃንድ ከተማ ስለ ነበረው የከዋክብት መመልከቻ ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ፈለክና ጥንቆላ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። አንዳንድ ሰው ስለ ከዋክብት ሲነሣ ፊቱን ያዞራል። "ይህ የጠንቋይ ሥራ ነው" ይላል። ይህ ጥንቃቄ ከመልካም ቦታ የመጣ ነው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። የሰውን ዕድል ከኮከብ አነባለሁ፣ የሚያገባትን ወይም የሚሞትበትን ቀን እነግረዋለሁ የሚለው ሰው የሩቁን ምስጢር ዐውቃለሁ ብሏልና በሸሪዓ የተወገዘ ነው። ፀሐይ መቼ እንደምትጠልቅ፣ ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ የሚያሰላው ግን አላህ በፍጥረቱ ላይ ያኖረውን ሥርዓት የሚያነብ ነው። በአማርኛችን "ሥነ ፈለክ" የምንለው ትምህርት ስሙ ራሱ በዐረብኛው ቁርኣን ውስጥ ያለ ቃል ነው። በሱረቱ ያሲን ፀሐይም ጨረቃም እያንዳንዳቸው በየፈለካቸው እንደሚዋኙ ተነግሯል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ይህን ልዩነት በከባድ ቀን አስተምረውናል። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች በኢብራሂም ሞት ምክንያት ነው አሉ። ዜናው ለነብዩ ክብር የሚጨምር ይመስል ነበር። እርሳቸው ግን ሐዘን ላይ ሆነውም ዝም ብለው አላለፉትም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ተናገሩ፤ ሰዎችንም ወደ ሶላት መሩ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ድንበር አይገኝም።

ከሳማርቃንድ በፊት

የመጀመሪያዎቹ የሙስሊሞች የከዋክብት መመልከቻዎች የተሠሩት በዘጠነኛው መቶ ዓመት፣ በኸሊፋው አል-መእሙን ጊዜ፣ በባግዳድና በደማስቆ ነበር። በ994 ደግሞ በዛሬይቱ ቴህራን አጠገብ በነበረችው ረይ ከተማ አቡ መሕሙድ አል-ኹጀንዲ የተባሉ ሊቅ ሃያ ሜትር ገደማ ራዲየስ ያለው ትልቅ የድንጋይ ቅስት አሠሩ። በጊዜው ለነበረው ገዥ ለፈኽሩ ደውላ መታሰቢያ መሣሪያው "ፈኽሪ" ተባለ። ከጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን በቅስቱ ላይ ያርፍና የፀሐይን ከፍታ ይናገራል። ነገር ግን አል-ቢሩኒ እንደ ዘገቡት፣ ቀዳዳውን የያዘው የሕንፃው ክፍል በጊዜ ብዛት አንድ ስንዝር ያህል ሰጠመ። ሕንፃው ሲሰጥም ልኬቱም አብሮ ተሳሳተ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

በ1259 ደግሞ በዛሬይቱ ኢራን ሰሜን ምዕራብ፣ በመራጋ ከተማ፣ ነሲረዲን አል-ጡሲ ሌላ ታላቅ መመልከቻ መሠረቱ። ባግዳድን ካፈራረሱት ሞንጎሎች መሪ ከሁላጉ ፈቃድ አግኝተው፣ መተዳደሪያውንም ከወቅፍ ገቢ አድርገው፣ ከየአገሩ ዑለማእ ሰበሰቡ። ከመራጋ የተገኘው ዕውቀትና ልምድ ነው በኋላ ወደ ሳማርቃንድ የተሻገረው።

ኡሉግ ቤግና መድረሳቸው

ሳማርቃንድ ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በ1409 ከተማዪቱን እንዲያስተዳድር የተሾመው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። ስሙ ሙሐመድ ተራጋይ ይባላል፤ ዓለም ያወቃቸው ግን "ታላቁ አሚር" ማለት በሆነው በኡሉግ ቤግ ስም ነው። በ1394 የተወለዱት የተይሙር የልጅ ልጅ፣ የሻህ ሩኽ ልጅ ናቸው። አያታቸው በሰይፍ አገር ያስገበሩ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ግን ልባቸው ወደ ሒሳብና ወደ ሰማይ አዘነበለ።

ኡሉግ ቤግ አስቀድመው የሠሩት የከዋክብት መመልከቻውን አልነበረም። ከ1417 እስከ 1420 ባሉት ዓመታት ያሠሩት መድረሳ ነው። ይህ መድረሳ ዛሬም በሳማርቃንድ መካከል ሬጊስታን በሚባለው አደባባይ ቆሞ ይታያል። በዚያ መድረሳ ቁርኣንና ፊቅህ ይቀራል፤ ሒሳብና ሥነ ፈለክም ይቀራል። አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። ከመምህራኑ ዋነኞቹ ከቡርሳ የመጡት ቃዲ ዛዳ አል-ሩሚ ነበሩ። ከካሻን ደግሞ ጀምሺድ አል-ካሺ መጡ። እኚህ አል-ካሺ የክብን ዙሪያ ከመሐሉ ስፋት ጋር የሚያስተሳስረውን ቁጥር እስከ አሥራ ስድስት የአሥርዮሽ ቤት አስልተው ያገኙ ሊቅ ናቸው።

አል-ካሺ ከሳማርቃንድ ለአባታቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ። በነርሱ ውስጥ ኡሉግ ቤግ ከተማሪዎች ጋር ተቀምጠው እንደሚከራከሩ፣ ከቁርኣን አብዛኛውን በቃላቸው እንደሚያውቁ ጽፈዋል። አንድ ነገር ሳይገባው፣ ገዥውን ለማስደሰት ብቻ "ልክ ነው" የሚልን ሰው ኡሉግ ቤግ ይገሥጹት ነበር። አንዳንዴም ሆን ብለው የተሳሳተ ነገር ያቀርባሉ። ተማሪው ዝም ብሎ ከተቀበለ መልሰው ያሳፍሩታል። ሥልጣን ያለው ሰው "እርሙኝ" ብሎ ሲቀመጥ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ኢማሞችና አስተማሪዎችም ከዚህ ድርሻችንን እንውሰድ። ተማሪው ያልገባውን "አልገባኝም" ብሎ በነፃነት የሚናገርበት መድረሳ ነው ዒልም የሚያፈራው።

ሕንፃው እንዴት ያለ ነበር?

በ1420ዎቹ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ መመልከቻው ተሠራ። ሕንፃው ክብ ነበር። የመሐሉ ስፋት ከ46 ሜትር ይበልጣል። ቁመቱ ወደ 30 ሜትር ይገመታል። በጡብ የተገነባ፣ ሦስት ፎቅ ያለው ነበር። በዚያው ዘመን የነበሩት ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረዛቅ አል-ሰመርቀንዲ፣ የውስጥ ግድግዳዎቹ የሰማያትን፣ የፈለኮችን፣ የተራሮችንና የባሕሮችን ሥዕል የያዙ እንደነበሩ ገልጸዋል።

የሕንፃው ዋና ነገር ግን ከውጭ የሚታየው ውበት አልነበረም። መላው ሕንፃ የአንድ መሣሪያ ልብስ ነበር ማለት ይቻላል። መሣሪያው ከደቡብ ወደ ሰሜን በቀጥታ የተዘረጋ፣ ራዲየሱ 40 ሜትር የሆነ ግዙፍ ቅስት ነው። አል-ኹጀንዲ በረይ የሠሩትን እጥፍ ያህላል ማለት ነው። የቅስቱ የታችኛው ክፍል ከመሬት በታች 11 ሜትር ገደማ ጠልቆ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቦይ ውስጥ፣ ከዐለት ተፈልፍሎ ተሠራ። የላይኛው ክፍል ከምድር በላይ ከሕንፃው ግንብ ጋር ይወጣል። ረይ ላይ የሰጠመውን ሕንፃ ታስታውሳላችሁ? ዐለት ላይ የተያዘ ቅስት እንደዚያ በቀላሉ አይሰጥምም፣ አያጋድልምም።

አሠራሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ምስማር የበሳው ትንሽ ቀዳዳ ካለ፣ ቀን ላይ ቤት ውስጥ ክብ የብርሃን ጠብታ ወለሉ ላይ ታያላችሁ። ፀሐይ ስትሄድ ጠብታዋም ትሄዳለች። ሳማርቃንድ ላይ የተደረገው ይኸው ነው፤ በትልቁ ብቻ ነው የተሠራው። በደቡብ በኩል ከላይ ጠባብ ቀዳዳ ተተወ። ልክ ቀትር ላይ ብርሃኑ በዚያ ገብቶ፣ ጨለማውን ሰንጥቆ፣ ቅስቱ ላይ ያርፋል። በበጋቸው ፀሐይ ከፍ ስትል ብርሃኑ ወደ ቦይው ጥልቀት ይወርዳል። በክረምታቸው ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኑ በሰሜን በኩል ወደ ቅስቱ ጫፍ ይወጣል። ብርሃኑ የሚያርፍበትን ቦታ ያነበበ ሰው የፀሐይን ከፍታ አነበበ።

ሕንፃው ለምን ያን ያህል ተለቀ ያላችሁ እንደሆነ፣ መልሱ በልኬቱ ውስጥ ነው። ቅስቱ ትልቅ ሲሆን በላዩ ያሉት ዲግሪዎችም ይሰፋሉ። ሳማርቃንድ ላይ አንዷ ዲግሪ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ትሰፋ ነበር። ዲግሪ ወደ ስድሳ ክፍል ሲከፈል አንዱ ክፍል ከአንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ላይ ከፀጉር የምትቀጥን ነገር እዚያ በጣት ትዳሰሳለች። ሁለቱ የቅስቱ ጠርዞች በእብነ በረድ ተለብጠው በላያቸው የዲግሪ ምልክቶች ተቀርጸዋል፤ በጎናቸውም ተመልካቹ የሚወጣበትና የሚወርድበት ደረጃ አለ። ይህ ሁሉ የሆነው ቴሌስኮፕ ከመፈልሰፉ 180 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

የቀዳዳው አቀማመጥ ለኛ አገር ሰው ልዩ ትምህርት አለው። ሳማርቃንድ በሰሜን ሩቅ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ሸርቆሌ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። በሚያዝያ 10 ገደማና በነሐሴ 19 ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ የቆመ ሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይጠፋል። በነዚህ በሁለቱ መካከል የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን። ስለዚህ በጥላ የዙሁርንና የዐስርን ወቅት የሚለኩ አባቶች የአገራቸውን ፀሐይ ማወቅ ነበረባቸው። የሌላ አገር ኪታብ ላይ ያለውን የእግር ልክ እንዳለ መገልበጥ አይበቃም።

የልኬቱ ፍሬ

የሥራቸው ውጤት በ1437 ተጠናቅሮ "ዚጅ" በተባለ የሠንጠረዥ መጽሐፍ ወጣ። በውስጡ የ1018 ከዋክብት ቦታ ተመዝግቧል። የዓመትን ርዝመት 365 ቀን፣ 5 ሰዓት፣ 49 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ብለው አሰሉት። ዛሬ በሚታወቀው ልክ ስሕተታቸው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። በዐይን፣ በብርሃን ጠብታና በእብነ በረድ ዓመቱን ሙሉ ለክቶ ግማሽ ደቂቃ መሳት፣ ሱብሓነላህ!

እውነቱን ሙሉውን ለመናገር፣ ከመጽሐፉ አራት ክፍሎች የመጨረሻው ስለ ኮከብ ቆጠራ ነበር። በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ይህን ይወድድ ነበር። እኛ ቀደም ብለን በጠቀስነው ድንበር እንለካዋለን። የልኬቱን ዒልም እንወስዳለን፤ የዕድል ንባቡን እንተዋለን። የታላቅ ሰው ሥራ ስለሆነ ብቻ ሁሉን አናጸድቅም፤ ያልወደድነው ክፍል ስላለበትም ሁሉን አንጥልም።

ውድቀቱ

አል-ካሺ በ1429 ሞቱ፤ ቃዲ ዛዳም ሥራው ከመጠናቀቁ በፊት አለፉ። ሥራውን ዳር ያደረሱት ከኡሉግ ቤግ ጋር ወጣቱ ዐሊ ቁሽጂ ነበሩ። በ1447 ሻህ ሩኽ ሞቱና ኡሉግ ቤግ የመላው ግዛት ገዥ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሰላም አላገኙም። ዘመድ ከዘመድ፣ ወንድም ከወንድም ተጋጨ። በመጨረሻ የገዛ ልጃቸው ዐብዱል ለጢፍ በላያቸው ተነሣ። ተሸነፉ። ሥልጣኑን ትተው ለሐጅ ወደ መካ መንገድ ጀመሩ። በጥቅምት 1449፣ በረመዳን ወር፣ ከሳማርቃንድ ብዙም ሳይርቁ በልጃቸው ትእዛዝ ተገደሉ። ልጅየውም ዓመት ሳይሞላው በ1450 ተገደለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዓመትን ርዝመት በግማሽ ደቂቃ ስሕተት ያሰላ ቤት የአባትና የልጅን ጠብ ማስታረቅ አልቻለም። ዒልም ያለ አደብ፣ ዒልም ያለ ዝምድና መጠበቅ ቤትን አያድንም። ልጆቻችንን ሒሳብ ስናስተምር የወላጅን ሐቅም እናስተምር። እኛ ወላጆችም ልጆቻችን በልባቸው ቂም ይዘው እንዳያድጉ በመካከላቸው ፍትሕን እንጠብቅ።

ሕንፃው ወዲያው አልፈረሰም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ሳማርቃንድን የያዘው ባቡር ባለ ሦስት ፎቁን መመልከቻ በማስታወሻው ጠቅሶታል። ነገር ግን ሥራው ቆሞ ነበር። የሚከፍል ገዥ የለም፤ የሚያስተምር መምህር የለም። ባዶ ቤት ደግሞ ጡቡ ለሌላ ግንባታ ይፈለጋል። ቀስ በቀስ ፈራርሶ ከምድር ጋር እኩል ሆነ። በኋላ በኢስታንቡል ተቂዩዲን በ1577 የሠሩት መመልከቻም ከሦስት ዓመት በኋላ በ1580 በሡልጣኑ በሙራድ ሦስተኛው ትእዛዝ ፈርሷል። በአንድ ሰው ፈቃድ የቆመ ነገር በአንድ ሰው ፈቃድ ይወድቃል።

የተረፈው

ታዲያ ምን ተረፈ? ሦስት ነገር ተረፈ።

አንደኛው መጽሐፉና ተማሪው ነው። ዐሊ ቁሽጂ አገር ሲበጠበጥ ከሳማርቃንድ ተሰደዱ። ተብሪዝ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ኢስታንቡል ተጠሩ። ሡልጣን ሙሐመድ አል-ፋቲሕ በአያ ሶፊያ መድረሳ መምህር አደረጓቸው። በ1474 እስኪሞቱ ድረስ የሳማርቃንድን ዒልም ለአዲስ ትውልድ አወረሱ። የዚጁ ቅጂዎችም አገር ለአገር ዞሩ። በ1665 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የከዋክብቱ ሠንጠረዥ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ታተመ። ሕንፃው ኮረብታው ላይ ሲፈርስ፣ ልኬቱ በሰዎች ጭንቅላትና በወረቀት ላይ ተጓዘ። በሸርቆሌ ስም የሚጠራው የስደተኞች መጠለያ ከ1997 ጀምሮ በአካባቢያችን አለ። ቤት ንብረቱን ትቶ የመጣ ሰው ቁርኣኑን በልቡ ይዞ እንደሚመጣ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዒልም በስደተኛ ጀርባ ላይ የማይከብድ ብቸኛ ሸክም ነው።

ሁለተኛው የወቅፍ ወረቀት ነው። መመልከቻው የነበረበት ቦታ ለመቶዎች ዓመታት ጠፍቶ ነበር። በ1908 ቭያትኪን የተባለ ሩስያዊ ተመራማሪ ያገኘው በአንድ አሮጌ የወቅፍ ሰነድ ረዳትነት ነው። ሰነዱ የመሬት ወሰን ሲዘረዝር የመመልከቻውን ስፍራ ጠቅሶ ነበር። ለአላህ ብሎ መሬት የሰጠ፣ ወሰኑንም በጥንቃቄ ያስጻፈ ሙስሊም ሳያውቀው የዒልምን ቤት አድራሻ ጠበቀ። የመስጊዶቻችንንና የመድረሳዎቻችንን የመሬት ሰነድ በጥንቃቄ እንያዝ። በቃል ብቻ የተነገረ ወቅፍ የተናገረው ሰው ሲሞት አብሮት ይሞታል።

ሦስተኛው የተቆፈረው ቦይ ነው። ከላይ የነበረው ሦስት ፎቅ ሁሉ ሄደ። ከዐለት የተፈለፈለው የታችኛው ቅስት ግን ከነእብነ በረዱ፣ ከነዲግሪ ምልክቱ ተገኘ። ዛሬ ሳማርቃንድ የሄደ ሰው ወደ ቦይው አፍ ቀርቦ ያየዋል፤ አጠገቡም ሙዚየም አለ። ሳማርቃንድ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች።

እኛስ?

ውድ አድማጮች፣ ይህን ታሪክ ያወጋኋችሁ "አባቶቻችን እንዲህ ነበሩ" ብለን ደረታችንን እንድንነፋ አይደለም። ዛሬ ቤታችን ውስጥ የምንሠራው ሥራ ስላለ ነው።

የመጀመሪያው የወቅት ጉዳይ ነው። የረመዳንን መግቢያ ጨረቃ አይተን እንጀምራለን፤ ይህን የሚለውጥ ነገር አልተናገርኩም። በየዕለቱ ግን የምናፈጥረው በአካባቢያችን ፀሐይ ነው። የጊዜ ሰሌዳ ስትገዙ ወይም ስልክ ላይ ስትከፍቱ ለየትኛው ከተማ እንደተሰላ እዩ። ለአዲስ አበባ የተሰላ ከሆነ ለአሶሳና ለሸርቆሌ ሩብ ሰዓት ያህል ጨምሩ። ሰማዩ ጠርቶ ከታያችሁ ደግሞ ከሁሉም በላይ ዓይናችሁን እመኑ።

ሁለተኛው ቂብላ ነው። "ቂብላ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ከሸርቆሌ ግን መካ ከምሥራቅ ይልቅ ለሰሜን ትቀርባለች፤ ፊታችንን ወደ ሰሜን አዙረን ሃያ ሦስት ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ማዘንበል ነው። ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በየዓመቱ በግንቦት 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ፣ እንዲሁም በሐምሌ 9 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ፀሐይ ልክ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። የኛና የመካ ሰዓት አንድ ስለሆነ ማስላት አያሻም። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ያለ የሁለት ሜትር እንጨት ሜዳ ላይ ትከሉ። ሸርቆሌ ላይ ጥላው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር ያለው አቅጣጫ ቂብላ ነው። ወቅቱ ዝናብ ስለሆነ ሰማዩ ከደመነ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሞክሩ፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አዲስ መስጊድ ለመሥራት ያሰበ ጀማዓ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ይህን ያድርግ። የመስጊድን ቂብላ ጠብ ሳይነሣ አስቀድሞ መለካት ከተሠራ በኋላ ከመከራከር እጅግ ይቀላል።

ይህን ሥራ ለልጆቻችሁ ስጧቸው። ወንዱም ሴቷም እንጨቱን ይትከሉ፣ ጥላውን ይለኩ፣ ሰዓቱን ይያዙ። በዚያን ቀን ሒሳብ ለሶላት እንደሚያገለግል በዓይናቸው ያያሉ።

ሦስተኛው ልጅን የሚመለከት ነው። በብዙ ቤት "ልጁ ቁርኣን ይቅራ ወይስ ትምህርት ቤት ይሂድ?" የሚል ክርክር አለ። በየሳምንቱ ጧት መድረሳ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት ማድረግ ለወላጅም ለልጅም እንደሚከብድ ዐውቃለሁ። ልጁ ከብት ይጠብቃል፣ ልጅቷ ውሃ ትቀዳለች። ቢሆንም የሳማርቃንዱ መድረሳ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳስቀመጠ አይተናል። በአገራችንም በዚህ መንገድ በር ተከፍቷል። የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ተመሥርቶ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። አንድ ቀን በዚያ ቴሌስኮፕ የሚመለከተው ሰው ዛሬ ሸርቆሌ ውስጥ በለውሕ ላይ ፊደል የሚጽፍ ልጅ፣ ወይም የምትጽፍ ልጅ ቢሆን ምን ይከለክለዋል? የሚከለክለው የኛ ከትምህርት ገበታ ማስቀረት ብቻ ነው።

ኡሉግ ቤግ ንጉሥ ነበሩ፤ ገንዘብም ኃይልም ነበራቸው። የተረፈላቸው ግን ያስተማሩት ተማሪ፣ የጻፉት መጽሐፍና ከዐለት የፈለፈሉት ቦይ ነው። እኛ ንጉሥ አይደለንም። ግን አንድ ልጅ ማስተማር፣ አንድ የወቅፍ ወረቀት በሥርዓት ማስቀመጥ፣ አንድ የመግሪብ ወቅት በትክክል መጠበቅ ለማናችንም አይከብድም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአደም ልጅ ሲሞት ሥራው ከሚቀጥልባቸው ነገሮች መካከል የሚጠቀሙበት ዒልምን ቆጥረዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፤ በሰማይና በምድር ያኖረውን ሥርዓት አስተውለው ወደርሱ ከሚቀርቡ ባሮቹ ያድርገን። ልጆቻችንን ዒልምና አደብ ያላቸው፣ ለወላጆቻቸው ደጎች ያድርግልን። ጾማችንንና ሶላታችንን ይቀበለን። ኣሚን።

ወአኺሩ ደዕዋና አኒል ሐምዱ ሊላሂ ረቢል ዓለሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።